የቁሓ ውኃና በቀዝቃዛ የሚዘፈዘፍ ቡና

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ፣ በወልድያና በማይጨው በኩል ወደ መቐለ የሚጓዝ የቡና ጭነት 780 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ከመቐለ አስቀድሞ የሚደርሰው ቁሓ ነው። አውራ ጎዳናው እዚህ ላይ ይከፈላል፤ አንደኛው ወደ ምዕራብ ታጥፎ መቐለ ሲገባ ሁለተኛው በውቅሮ በኩል ወደ ዓዲግራት ያመራል። ትግራይ ለገበያ የሚበቃ ቡና የሚለማበት ክልል ስላልሆነ፣ በቁሓ ሱቆች ጆንያው ተከፍቶ በኪሎ የሚመዘነው ፍሬ የጭነት ኪራይ ተከፍሎበት ከደቡብና ከምዕራብ የመጣ ነው። ስለዚህም በዚህ ስፍራ አንድ ኪሎ ቡና ማበላሸት በጅማ ወይም በዲላ ከማበላሸት ይልቅ ኪስን ይጐዳል።

ይህን አስቀድሞ ማስታወስ ያስፈለገው፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በትልልቅ ከተሞች ቡና ቤቶች በብርጭቆ ከበረዶ ጋር የሚቀርበውና ባሕር ማዶ «ኮልድ ብሩ» የሚባለው ቡና እጅግ ብዙ ፍሬ የሚፈጅ ስለሆነ ነው። አዘገጃጀቱ ሲነገር ቀላል ነው። የተቆላና የተወቀጠ ቡና በቀዝቃዛ ውኃ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ በማግሥቱ ይጠለላል፤ ይኸው ነው። እሳት የለበትም፤ መኪና የለበትም። ይሁን እንጂ ቀላልነቱ ብዙ ሰው ያታልላል። የባሕር ማዶውን መመሪያ ቃል በቃል ተከትሎ ቁሓ ላይ ቡና የዘፈዘፈ ሰው በማግሥቱ የሚያገኘው መጠጥ ብዙ ጊዜ ደብዛዛና ኖራ ኖራ የሚል ነው። ያን ጊዜ ቡናውን ይወቅሳል፤ ቡናውን የሸጠለትንም ባለሱቅ ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን በአብዛኛው የውኃው ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮች እንዳይምታቱ መለየት ይገባል። በጀበና ፈልቶ የቀዘቀዘ ቡና በቀዝቃዛ ውኃ የተዘፈዘፈ ቡና አይደለም። የፈላ ውኃ ከተወቀጠው ቡና ውስጥ ጣፋጩንም መራራውንም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አሟጦ ያወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምሬቱ ጐልቶ ይቀራል። ቀዝቃዛ ውኃ ግን ዝግተኛ ነው። በቀላሉ የሚሟሟውን በብዙ ሰዓት ያወጣል፤ ሙቀት ካላገኘ በቀር የማይለቀውን መራራ ክፍል አብዛኛውን በአተላው ውስጥ ይተወዋል። የመጠጡ ልስላሴ የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ስለ ኮምጣጣነቱ ግን በሻጮች ዘንድ የሚነገረው ሁሉ እውነት አይደለም። «በቀዝቃዛ የተዘጋጀ ቡና አሲድ የለውም፤ ለጨጓራ ሕመምተኛ ይስማማል» የሚል ማስታወቂያ በየአገሩ ይታያል። በፊላደልፊያ የቶማስ ጄፈርሰን ዩኒቨርሲቲ ኬሚስቶች ኒኒ ራኦና ሜጋን ፉለር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ የኢትዮጵያ ቡና ጭምር ከሚገኝባቸው ስድስት ዓይነት ቡናዎች በሙቅና በቀዝቃዛ ውኃ አዘጋጅተው ቢለኩ፣ የሁለቱ የአሲድነት መለኪያ ተቀራራቢ ሆኖ ከ4.85 እስከ 5.13 ባለው ውስጥ ተገኘ። ልዩነቱ የታየው በጠቅላላው የአሲድ ብዛት ላይ ነው፤ በሙቅ የተዘጋጀው ይበልጣል። እንግዲህ ለምላስ ለስላሳ መሆኑ እውነት ነው፤ መድኃኒት ነው ብሎ መሸጥ ግን ከነጋዴ ክብር ጋር የሚስማማ አይደለም።

ቡናን በዚህ ዓይነት ማዘጋጀት ለዓለም አዲስ ነገር አይደለም። ጃፓኖች ቀዝቃዛ ውኃ ጠብታ በጠብታ በቡናው ላይ እያንጠባጠቡ ማዘጋጀትን ከቆየ ዘመን ጀምሮ ያውቃሉ፤ ስሙንም «የሆላንድ ቡና» ይሉታል። አሜሪካዊው የኬሚካል መሐንዲስ ቶድ ሲምፕሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 ቡና የሚዘፈዘፍበትና የሚጠለልበት የቤት ዕቃ ሠርቶ ነበር፤ ዕቃው «ቶዲ» በሚል ስም እስከ ዛሬ ይሸጣል። ስታርባክስ የተባለው ትልቅ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ቡና ቤቶቹ ማቅረብ ከጀመረ በኋላ መጠጡ በብዙ አገር ተስፋፋ። ለቁሓ ቤት ግን ከዚህ ሁሉ ዕቃ አንዱም አያስፈልግም። ሙቀጫና ዘነዘና፣ የመስታወት ጆግ፣ ንጹሕ ነጭ ጨርቅና ሚዛን ካሉ ይበቃሉ።

አሁን ወደ ውኃው እንመለስ። መቐለን ከሚያጠጡት የጉድጓድ ውኃ ስፍራዎች ዋናው ዓይናለም ከቁሓ አጠገብ ይገኛል። የአካባቢው ምድር በብዛት የኖራ ድንጋይ ነው፤ የመሰቦ ሲሚንቶ ፋብሪካም የሚፈጨው ይህንኑ የአካባቢውን ድንጋይ ነው። ዝናብ በዚህ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ ከጉድጓድ ሲቀዳ ካልሲየምና ማግኒዚየም ጠግቦ ይወጣል። የአገሩ ሰው ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያሻውም። ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት፣ ለመለቀቅ የሚያስቸግረው የጀበናው ሆድ፣ አረፋ አልሰጥ የሚለው ሳሙና ይነግሩታል።

እንዲህ ያለው ውኃ ለጤና ጉዳት የለውም፤ ቡናን ግን ያደነዝዛል። በውኃው ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት የሚባለው ጨው የቡናውን ለዛና ሽታ የሚሰጡትን ቀጫጭን አሲዶች እየተዋጋ ያጠፋቸዋል። በጀበና ሲፈላ ጉዳቱ ያን ያህል አይሰማም፤ ምክንያቱም ፍላቱ ራሱ የባይካርቦኔቱን ከፊል ወደ ነጭ ዝቃጭ ስለሚለውጠውና የሙቅ ቡና ኃይል ስለሚበረታ ነው። ቀዝቃዛው ዝፍዝፍ ግን ከመነሻው አሲዱ ያነሰ ስለሆነ፣ ያለችውን ጥቂት ለዛ ውኃው ሲነጥቀው ባዶ ይቀራል። የይርጋጨፌ ቡና ስለ አበባ ሽታው ከፍ ባለ ዋጋ ተገዝቶ በዚህ ውኃ ቢዘፈዘፍ ከተራው ቡና ለመለየት ያስቸግራል።

መፍትሔው በየቤቱ አለ። ውኃው በዋዜማው ይፈላ፤ ፍላቱም 10 ደቂቃ ያህል ይቆይ። ከዚያ ተከድኖ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይቀመጥ። ሲረጋ ነጩ ዝቃጭ ከታች ይቀራል፤ ከላይ ያለው የጠራው ውኃ ዝቃጩ ሳይነካ ቀስ ተብሎ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣል። ይህ ሁሉንም አያስወግድም፤ ከጂፕሰም የሚገኘው የካልሲየም ሰልፌት ቢፈላም አይወርድም። ሆኖም ቡናውን የሚያደነዝዘው ዋናው ክፍል የባይካርቦኔቱ ስለሆነ ልዩነቱ በመጀመሪያው ጉንጭ ይታወቃል። የታሸገ ውኃ መግዛት ለሚፈልግም፣ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የባይካርቦኔት መጠን አይቶ ዝቅተኛውን ይምረጥ።

ማፍላቱ ሌላም ጥቅም አለው፤ እንዲያውም ይኸኛው ይበልጣል። በቀዝቃዛ የሚዘጋጅ ቡና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እሳት ስለማይነካው፣ በውኃው ወይም በዕቃው ላይ ያለ ተህዋስ ሳይሞት ወደ ብርጭቆው ይደርሳል። ቁሓ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በማያንስ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እንዲህ ባለ ከፍታ ውኃን ለመጠጥ ለማንጻት ከፈላ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ መቆየት እንዳለበት የጤና ባለሙያዎች ይመክራሉ። ለኖራው ሲባል 10 ደቂቃ የፈላ ውኃ ይህን ግዴታ አብሮ ይፈጽማል። በነገራችን ላይ 93 ዲግሪ የባሕር ማዶ ባለሙያዎች ለሙቅ ቡና ተስማሚ ከሚሉት ሙቀት መካከል ነው። ለጀበናው ቡና ተራራው ራሱ ስለሚያስብለት፣ ቀዝቃዛው ዝፍዝፍ እርሱን ይተካል ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል።

ፍሬውን በሚመለከት፣ የላቀው ደረጃ ወደ ውጭ አገር ሲላክ፣ ለአገር ውስጥ ገበያ ብዙ ጊዜ የሚቀረው ዝቅ ያለው እንደሆነ ነጋዴው ሁሉ ያውቃል። ጀበናው ይህን ጉድለት ይሸፍናል፤ አጥቁሮ መቁላቱ፣ ዕጣኑና ስኳሩ ያግዙታል። ቀዝቃዛ ውኃ ግን ምንም አይሸፍንም። አንዲት የሻገተች ፍሬ 16 ሰዓት ስትዘፈዘፍ ጆጉን በሙሉ ምድር ቤት ምድር ቤት ታሸትተዋለች። ስለዚህ ከመቁላት በፊት በጥንቃቄ መልቀም ያስፈልጋል፤ ጥቁሩ፣ ነቀዝ የበላው፣ የተሰበረውና የነጣው ሁሉ ይውጣ። ከአንድ ኪሎ ጥቂት ግራም ቢቀንስም ኪሳራ አይባልም። የታጠበ ቡና የጠራና ቀለል ያለ መጠጥ ይሰጣል፤ እንደ ሐረር ያለ ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና ደግሞ ወፍራምና የፍራፍሬ ጣዕም ያለው ይሆናል። ሁለቱም ይስማማሉ። ሳይለዩ ቀላቅሎ መሸጥ ግን ደንበኛው የወደደውን ዳግመኛ እንዳያገኘው ያደርጋል።

አቆላሉ መካከለኛ ይሁን። ፍሬው በምጣዱ ላይ መንጣጣት ጀምሮ ጋብ ሲል፣ ቅባቱ ሳይወጣ ይወረዳል። ከዚያም እንደ ጀበናው ቡና ወዲያው አይወቀጥም። አዲስ የተቆላ ቡና አየር ስለሚተፋ በቀዝቃዛ ውኃ ላይ ተንሳፎ ይቀራል፤ በተከደነ ዕቃ ሁለት ሦስት ቀን ቢቀመጥ ይሻላል። ሲወቀጥም እንደ ሽርክት ሸካራ ይሁን። የላመ ዱቄት መራራውን ከማውጣቱም በላይ ጨርቁን ይደፍናል። በዚህ በኩል ሙቀጫ ያለው ቤት የደቀቀ ቡና ብቻ ከሚያወጣ የወፍጮ ቤት ይበልጣል፤ ዘነዘናው መቼ እንደሚቆም የሚወስነው የወቃጩ እጅ ነውና።

መጠኑ እንዲህ ነው። ለአንድ ሊትር የጠራ ውኃ 125 ግራም የተወቀጠ ቡና ይመዘናል። ቡናው በጆጉ ውስጥ ይደረግና በመጀመሪያ ጥቂት ውኃ ፈሶበት በረጅም ማንኪያ ይማሰላል፤ ሁሉም ሲርስ የቀረው ይጨመራል። ተከድኖ ፀሐይ በማያገኘው ስፍራ ይቀመጣል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት የቁሓ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ 16 ሰዓት ያስፈልጋል፤ ማታ በ1 ሰዓት የተዘፈዘፈው በማግሥቱ ከረፋዱ 5 ሰዓት ይደርሳል። በሚያዝያና በግንቦት 12 ሰዓት ይበቃዋል። ከ20 ሰዓት ሲያልፍ እንጨት እንጨት የሚል ጣዕም ይመጣል፤ «ብዙ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል» የሚለው አነጋገር ለጠላ እንጂ ለዚህ አይሠራም።

አጠላለሉ በሁለት ዙር ነው። መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ በፈላ ውኃ በታጠበ ወፍራም ነጭ ጨርቅ ወይም በማጣሪያ ወረቀት። ጨርቁን መጭመቅ ክልክል ነው። ብዙ ሰው የቀረችው ጠብታ ታሳሳውና ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀው ግን የላመውን አተላና ምሬቱን ይዞ ስለሚወርድ የለፋበትን ልስላሴ በመጨረሻዋ ደቂቃ ያበላሸዋል። ጨርቁም በሳሙና አይታጠብ፤ ሽታው ለሳምንት አይለቅም።

ከዚህ ቀጥሎ ሒሳቡ ይመጣል፤ ባለሱቁና ቡና ቤት የሚከፍተው ሰው ቆም ብለው ሊያነቡት የሚገባው ይህን ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 18 በመቶ ይቀንሳል፤ 830 ግራም ያህል ይቀራል እንበል። በ125 ግራም ሒሳብ ይህ 6.6 ሊትር ውኃ ይዘፈዝፋል። ነገር ግን አተላው የክብደቱን ሁለት እጥፍ ያህል ውኃ ጠጥቶ ስለሚያስቀር፣ ተጠሎ የሚወጣው 5 ሊትር ገደማ ነው። ሩብ ሊትር በሚይዝ ብርጭቆ ቢቀዳ 20 ብርጭቆ ይሆናል። እንግዲህ የአንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ዋጋ ለ20 ሲካፈል የሚገኘው የአንድ ብርጭቆ የፍሬ ወጪ ብቻ ነው፤ በረዶው፣ ኤሌክትሪኩ፣ የቤት ኪራዩና የሠራተኛው ደመወዝ ገና አልተጨመሩም።

በጀበና ሒሳቡ ሌላ ነው። ያው የተወቀጠ ቡና አወል ተጠጥቶ፣ ውኃ ተጨምሮበት ካልአይ፣ ደግሞም በረካ ይሆናል፤ ስኒውም ትንሽ ናት። ስለዚህ ቀዝቃዛውን ቡና በጀበና ቡና ዋጋ የሚሸጥ፣ ወይም ስሙ ለስላሳ ስለተባለ ከጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ጋር በዋጋ ሊፎካከር የሚነሣ ሰው፣ ደንበኛው በበዛ ቁጥር ኪሳራው ይበዛል። ዋጋው ከፍ ቢል የሚገዛ የለም የሚል ካለ፣ ብርጭቆውን አሳንሶ በበረዶ 150 ሚሊ ሊትር ማቅረብ ይችላል፤ ከዚያው ኪሎ 33 ብርጭቆ ይወጣል። ቡናውን በውኃ ማቅጠን ግን ደንበኛን በአንድ ሳምንት ያባርራል።

ገዢ አይጠፋም። የአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ከቁሓ አጠገብ ነው፤ መንገደኛና ሸኚ ያልፋል። በዓይን ሕክምናው ወደሚታወቀው ወደ ቁሓ ሆስፒታልም አስታማሚ ከሩቅ ይመጣል። በጾም ወራት ወተት ለማይነካ ሰው ያለ ወተት የሚጣፍጥ ቀዝቃዛ መጠጥ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም በመጀመሪያው ወር በቀን ከ2 ሊትር በላይ አለማዘጋጀት ይመከራል፤ ያልተሸጠው ለነገ የሚቀመጥ ሀብት ሳይሆን የሚበላሽ ዕቃ ነውና።

የአቀማመጡ ነገር ጥብቅ ነው። የተጠለለው ቡና ወዲያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብቶ በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ መጠጣት አለበት። የኤሌክትሪክ ኃይል ለብዙ ሰዓት ከተቋረጠ መጣል ይሻላል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ኤሌክትሪክ፣ ባንክና መንገድ ተቋርጠው ስለነበር፣ ማቀዝቀዣን ተማምኖ የሚሠራ ንግድ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚቆም ለዚህ አካባቢ ነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

ከሁሉ የከፋው አደጋ በጠርሙስ አሽጎ በመደርደሪያ ላይ ማቆየት ነው። ከላይ እንደተገለጸው የመጠጡ የአሲድነት መለኪያ 5 አካባቢ ነው። አየር በሌለበት የታሸገ ምግብ ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን ገዳይ መርዝ የሚሠራው ባክቴሪያ እንዳያድግ መለኪያው 4.6 ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በቆርቆሮ ያሸገውን ቀዝቃዛ ቡና በዚሁ ሥጋት ምክንያት ከገበያ ለመሰብሰብ ተገዷል። የታመመ ሰው አልነበረም፤ ሥጋቱ ብቻ በቂ ሆነ። በቤት ያዘጋጀውን በታጠበ ጠርሙስ ሞልቶ በየሱቁ ለማከፋፈል የሚያስብ ሰው ካለ፣ የማምከኛ መሣሪያና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይኖረው እንዳይጀምር። በብርጭቆ እዚያው ቀድቶ መሸጥ ይበቃዋል።

ላኪዎችም ከዚህ የሚመለከታቸው አለ። ኢትዮጵያ በ2017 የበጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ስታገኝ፣ የተላከው ከሞላ ጐደል ሁሉ ጥሬ ፍሬ ነበር። በዓለም የጉምሩክ መደብ ጥሬም ሆነ የተቆላ ቡና በ0901 ሲመደብ፣ የቡና ጭማቂና ውህድ በ2101 ነው። ስለዚህ ወፍራም ዝፍዝፍ ቡና አሽጎ ለመላክ የሚያስብ፣ የሚገባበት አገር ቀረጥና የጤና ደንብ ከጥሬ ቡና የተለየ መሆኑን ውል ከመፈራረሙ በፊት ይጠይቅ። ለጊዜው የተሻለው መንገድ ገዢው አገር ውስጥ ለሚዘፈዝፈው የሚስማማ፣ በጥንቃቄ የተለቀመ ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና ማቅረብ ይመስላል። አስመጪውም በበኩሉ ውድ የመስታወት ግንብ ከሚያስመጣ፣ ሸካራ አድርጎ የሚፈጭ ትንሽ ወፍጮና የማጣሪያ ወረቀት ቢያስመጣ ፈጥኖ ይሸጥለታል።

ለቤት አንድ ነገር ይቀራል። ከተጠለለ በኋላ የሚቀረው አተላ ቀዝቃዛው ውኃ ያላወጣው ብዙ ነገር ስላለበት ወዲያው አይጣልም። በዚያው ቀን በጀበና ተደርጎ ቢፈላ የካልአይ ያህል ኃይል ያለው ቡና ይሰጣል፤ ከሕምባሻ ጋር ለቤተ ሰብ ይሆናል። ለደንበኛ ግን፣ ከቀዝቃዛው ጋር ተቀላቅሎም ሆነ ለብቻው፣ አይቀርብም።